ሲስተሙ ቢለወጥ ቫይረሱ ይቀራልን?

በዚህ ሰሞን በግቢያችን ከሚሰሙት ክርክሮች አንዱ፣ የኮምፒውተር ክፍሎቻችን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቢዛወሩ የቫይረስ ነገር ያከትማል የሚለው ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ግማሹን እውነት እንደ ሙሉ ቆጥረን የመመረቂያ ጽሑፋችንን እንዳናጣ ስለምንሰጋ ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን።

እርግጥ ነው፣ ንድፍ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ፣ በኋላም ፈለጉን የተከተለው ሊኑክስ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ማሽን እንዲሠሩ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ተራው ተጠቃሚ የራሱን ፋይል እንጂ የሲስተሙን ፋይል መለወጥ አይችልም። ዊንዶውስ 95 እና 98 እንዲህ ያለ አጥር አልነበራቸውም፤ የተከፈተው ፕሮግራም ሁሉ የቤቱ ጌታ ነበር። ፍላሽ ገና ሲሰካ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሣው አውቶራን የሚባለውም አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ለተነሣው ኮንፊከር ለተባለው ቫይረስ አንዱ መግቢያ በር ሆኖታል። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ያንን በር ለፍላሽ ዘጋው። ንድፍ ምን ይፈይዳል የሚለን ቢኖር ይህን ይመልከት።

ይሁን እንጂ ፍሬድ ኮኸን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 የታወቀውን የቫይረስ ሙከራ ያደረገው በዚያው በምናመሰግነው በዩኒክስ ላይ ነበር። ቫይረሱ አጥር አልሰበረም። ሰዎች ይጠቅመናል ብለው በሚከፍቱት ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ፣ የከፈተውን ሰው ሥልጣን እየወረሰ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። አምስት ጊዜ ተሞክሮ፣ በአምስቱም ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሲስተሙን ሥልጣን በሙሉ ያዘ።

አጥሩ ሲስተሙን ከተማሪው ይጠብቃል፤ የተማሪውን ጽሑፍ ግን ተማሪው ራሱ ከከፈተው ፕሮግራም አይጠብቅም። ሲስተም ቢበላሽ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጫናል። የሁለት ዓመት የጥናት መረጃ ከየት ይጫናል? ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የአድሚኒስትሬተር ፓስዎርድ አያሻውም፤ የባለቤቱ ሥልጣን ይበቃዋል።

በዚህ ረገድ የስልኮቻችን ንድፍ ይሻላል ባዮች ነን። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ አፕ የተለየ የተጠቃሚ ቁጥር ስለሚሰጥ አንዱ የሌላውን ጓዳ አይገባም። (ፈቃድ ሲጠየቅ ሳያነቡ «እሺ» ማለት የኛው ፈንታ ነው።)

እንግዲህ ሊኑክስ ቢመጣ ደስ ይለናል፤ እስኪመጣ ግን አስተዳደሩን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ተማሪ ሁሉ በአንድ የአድሚኒስትሬተር አካውንት የሚገባበት ልማድ ዛሬውኑ ይቅር። ለየተማሪውም ጽሑፍ ከምንሠራበት ማሽን ተነጥሎ የሚቀመጥ ቅጂ ይኑር። የተከበራችሁ አማካሪ መምህራንም፣ ረቂቃችንን በየወሩ ተቀብላችሁ አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ ብታኖሩልን ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።