ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሀገሪቱ ስትነቃ ኢንተርኔት አልነበረም። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለው በዋዜማው ምሽት ነበር፤ መስመሩ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ቤቱ ራውተር ያለው ሰው ስልኩን ሲያይ ግራ ይገባው ነበር። የዋይፋይዋ ምልክት እንደ ወትሮዋ ሞልታለች፤ ከሥሯ ግን «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ራውተሩን ነቅሎ መልሶ የሰካው፣ ጎረቤቱን «የእናንተስ ይሠራል?» ብሎ የጠየቀው ብዙ ነው። ራውተሩ ግን ጤነኛ ነበር፤ የራሱን ሥራ ሳያቋርጥ እየሠራ ነበር።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከአጠራር ነው። በአዲስ አበባ አፍ «ዋይፋይ አላችሁ?» ማለት «ኢንተርኔት አላችሁ?» ማለት ሆኗል፤ ካፌ የገባ ሰው ማኪያቶ ከማዘዙ በፊት የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ዋይፋይ በአንድ ቤት፣ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ መሣሪያዎችን ያለ ገመድ እርስ በርስ የሚያገናኝ የአካባቢ ኔትወርክ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ያን ግቢ ከዓለም ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ለአዲስ አበባው የቀጨኔ ሰፈር ሰው በሚቀርበው ምሳሌ፣ ዋይፋይ በግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት የሚኬድባት መተላለፊያ ናት፤ ኢንተርኔት ወደ ፒያሳ የሚወርደው አስፋልት ነው። አስፋልቱ ቢዘጋ ቡና መጠራራት አይቀርም።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋው ደግሞ በብር የሚቆጠር ነው።

ቀጨኔ የሸክላ ሠሪና የሸማኔ ሰፈር ነው። ከሰሜን ሸዋ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ሴቶቹ ጀበናና ምጣድ እየሠሩ፣ ወንዶቹ እየሸመኑ ከእንጦጦ ግርጌ ኖረዋል። ዛሬ የጥለት ናሙና በስልክም ይመጣል፤ ደንበኛ በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፣ ሸማኔው አጠገቡ ለሚሠራው ባልንጀራው ያስተላልፍለታል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። ፎቶው ከአንዱ ስልክ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ወዳለ ኮምፒውተር ይጓዛል፤ ከዚያ ተመልሶ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ወዳለው ስልክ ይገባል። ላኪው ሲልክ፣ ተቀባዩ ሲቀበል፣ ሁለቱም ከየፓኬጃቸው ይቆረጥባቸዋል። ጀበና ከጎረቤት ለመዋስ በጅቡቲ በኩል እንደ መዞር ነው።

የሰፈሩ ልጆች ግን መላውን ካገኙት ቆይተዋል። ዜንደር ወይም ሼርኢት የሚባለውን መተግበሪያ ሲከፍቱ አንዱ ስልክ ለጊዜው ራሱ ራውተር ይሆናል፤ ሌላው ይገባበታል፤ ፊልሙ ወይም መዝሙሩ በክፍሉ አየር ላይ ብቻ ይሻገራል። ዳታ አይበላም፤ የኢንተርኔት መቋረጥም አያስቆመው። «በዜንደር ላክልኝ» የሚል ልጅ ገመድ አልባ የአካባቢ ኔትወርክ መዘርጋቱን አያውቅ ይሆናል እንጂ፣ የዘረጋው እሱን ነው።

አሠራሩ ሬዲዮ ነው። ራውተሩም ስልኩም በሆዳቸው ትንሽ ሬዲዮ ይዘዋል፤ ከጣቢያ ሬዲዮ የሚለዩት ሁለቱም ተናጋሪ፣ ሁለቱም አድማጭ በመሆናቸው ነው። ሞገዱ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ የአንዷ ሞገድ ርዝመት 12 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። አዳዲሶቹ ራውተሮች በ5 ቢሊዮን ደረጃም ይሠራሉ፤ እዚያ ሞገዷ ወደ 6 ሳንቲሜትር፣ የቡና ሲኒ ቁመት ያህል ታጥራለች። የጥለቱ ፎቶ ወደ ዜሮና አንድ ይመነዘራል፣ በትናንሽ ጥቅል ይከፋፈላል፣ ጥቅሎቹ በየተራ ይላካሉ። ተቀባዩ ለደረሰው «ደርሶኛል» ይላል፤ መልስ ያልመጣለትን ጥቅል ላኪው ይደግመዋል።

ችግሩ አየሩ አንድ መሆኑ ነው። ቡና ላይ ሁለት ሰዎች እኩል ወሬ ሲጀምሩ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፦ ሁለቱም ያቆማሉ፣ «አይ፣ አንቺ ቀጥዪ» ይባባላሉ፣ ከዚያ እንደገና እኩል ይጀምራሉ። ይህን እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ አሎሃኔት በተባለው ኔትወርካቸው ላይ ፈቱት። ደሴቶቹን የሚያገናኙት በሬዲዮ ነበር፤ መልእክቶች ሲጋጩ እያንዳንዱ ላኪ በዕጣ የደረሰውን ያህል ጊዜ ጠብቆ ይደግማል። የጥበቃው ርዝመት ስለሚለያይ ዳግመኛ የመጋጨቱ ዕድል ይቀንሳል። ዋይፋይ በዚህ ላይ አንድ ጨዋነት ጨመረበት፤ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምሽት ላይ ፍጥነቱ የሚያዘግመውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ከላይም ከታችም ያለው ራውተር አንድ መስመር ላይ ተደራርቦ ተራ ይጠብቃል። በ2.4ቱ ክልል ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሄድ የሚችሉት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ሦስት ማለት ለአንድ ፎቅ እንኳ አይበቃም።

የቀጨኔ ቤት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቆርቆሮ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቃል፤ እንደ መስተዋት ነው ማለት ይቻላል። ጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ያሳልፋል፣ ርጥበት ሲይዝ ግን ይውጣል፤ ውኃ የዚህ ሞገድ ጠላት ነውና። ሰፈሩ ዳገት ላይ የተሠራ በመሆኑ የታችኛው ቤት ጣሪያ ከላይኛው ቤት ደጃፍ ጋር የሚስተካከልበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ ዐሥር ሜትር የማይርቅ ጎረቤት ሲግናሉን ሳያገኘው፣ ከሸለቆው ማዶ በመስኮት ትይዩ ያለው ቤት ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ቡፌ ውስጥ፣ ዳንቴል አልብሶ ያስቀምጠዋል። ዳንቴሉ ሞገድ አያግድም፤ ሙቀቱን ግን ያፍናል። ቴሌቪዥኑና የቡፌው ብረት ግን ሞገዱንም ያግዳሉ። ከፍ ባለ ቦታ፣ ቤቱ መሀል፣ ባዶውን ቢቀመጥ አዲስ ራውተር ከመግዛት ይሻላል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር መባል አለበት። መሐንዲሶቹ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያውን ደረጃ ሲያወጡ ስሙ ቁጥር ነበር፤ 802.11 ይባላል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር። «ዋይፋይ» የሚለውን በ1999 ያወጣው ኢንተርብራንድ የተባለ ስም አውጪ ድርጅት ነው፤ የምንም ቃል አኅጽሮት አይደለም፣ ለጆሮ እንዲጥም የተመረጠ ነው። መሐንዲሶቹ ይሉት የነበረው «ገመድ አልባ የአካባቢ ኔትወርክ» ነው። ገበያው ስሙን ሲያሳምር «የአካባቢ» የሚለው ወደቀ። ለቀጨኔ የሚጠቅማት ግን የወደቀው ቃል ነው።

ለምሳሌ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመ መጽሐፍ በየተማሪው እጅ አልደረሰም ነበር። መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ዞሩ። 40 ሜጋባይት የሚሆን አንድ መጽሐፍ 50 ተማሪ ባለበት ክፍል እያንዳንዱ ለየብቻው ቢያወርደው 2 ጊጋባይት ይሆናል፤ የሚከፍሉትም ወላጆች ናቸው። ያንኑ ፋይል አንድ ጊዜ አውርዶ ከራውተር ጋር በተያያዘ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ገብቶ ያለ ሳንቲም ይወስዳል። በዚያች ትንሽ የኮምፒውተር ሣጥን ላይ ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ቢጫን የአማርኛው ዊኪፒዲያ በሙሉ ይገባል። ግዙፉ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያም ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ይህን የምትይዝ ሚሞሪ ካርድ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ እንደሆነው በብሔራዊ ፈተና ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ቢዘጋ እንኳ ሣጥኗ አይመለከታትም።

ይህ ሕልም አይደለም፤ ሌላው ሠርቶታል። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ፣ ማንኮሲ በተባለ የገጠር ቀበሌ ነዋሪዎቹ ዜንዜሌኒ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የዋይፋይ ኔትወርክ ከቤት ወደ ቤት ዘርግተዋል። በካታሎኒያ ጊፊ.ኔት እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ መገናኛዎችን አፍርቷል። ሃቫና ውስጥ ወጣቶች ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ከጣሪያ ጣሪያ ተያይዘው ጨዋታና ፋይል ሲለዋወጡ ኖረዋል። ቀጨኔ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዝ ድርጅት መፍጠር አያስፈልግም። እድር አለ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን በጋራ ገዝቶ፣ በጋራ ጠብቆ፣ በተራ የሚያውስ እድር አንዲት ሣጥን ማስተዳደር አያቅተውም።

ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም፤ አንዳንዱም ተገቢ ነው። ኢንተርኔቱን ራሱን ለጎረቤት መሸጥ ከተፈለገ ነገሩ የአገልግሎት ንግድ ይሆናልና በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ የሚባለው ግን በአንድ ግቢ ውስጥ መጽሐፍና ፎቶ መጋራት ነው። የደኅንነቱም ጥያቄ አለ። 12345678ን የመሰለ የይለፍ ቃል ይዞ መኖር መንገደኛን ሁሉ ሳሎን እንደ ማስገባት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው ደብሊው.ፒ.ኤ. ሁለት የተባለው መቆለፊያ ረዘም ያለ የይለፍ ቃል ከተሰጠው ለቤት ይበቃል፤ በ2018 የመጣው ሦስተኛው ይበልጠዋል። ለእንግዳ የተለየ መግቢያ መክፈትም በአብዛኞቹ ራውተሮች የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመብራቱ ነገር ከሁሉም ይከብዳል የሚሉ አሉ። ሒሳቡ ግን ያን ያህል አያስፈራም። አብዛኛው የቤት ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ራውተሩና ትንሿ ኮምፒውተር አንድ ላይ 15 ዋት ገደማ ይፈልጋሉ። የሞተር ሳይክል መጠን ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ቀድሞ ከተሞላ መብራት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢጠፋ የግማሽ ቀን ፈረቃው ተማሪዎች እስኪወጡ ድረስ ያደርሳቸዋል።