ሚኮሺውን አንሸከምም፣ ክፍላችን ውስጥም አንደበቅም

ለትምህርት ጃፓን ከሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ብዙዎቹ አገሩ የሚገቡት በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ነው። የጃፓን የትምህርት ዘመን በኤፕሪል ቢጀምርም፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ በርካታ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞች በመኸር ወቅት ተማሪ ይቀበላሉ። ሻንጣው በቅጡ ሳይፈታ ግብዣው ይጀምራል። ቅጠል ልናይ ተራራ እንውጣ፣ የሰፈራችን ማትሱሪ ደርሷል፣ በዩኒቨርሲቲው ፌስቲቫል ላይ ድንኳን እንተክላለንና አግዙን፣ ለሃሎዊን ሺቡያ እንሂድ። ጋባዦቹ ክፉ አስበው አይደለም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻውን እንዳይቀር ብለው ነው።

እዚህ ላይ ልጆቻችን ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ «የነሱ ነገር በሙሉ ይቅርብኝ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለት ዓመት ኖሮ የሚያውቃት ጃፓን ከዶርም እስከ ላብራቶሪ ያለችውን መንገድ ብቻ ትሆናለች። ሌላው ደግሞ «ባህል ነው፣ እነሱ ራሳቸውም አያምኑበትም» እያለ የተጠራበት ሁሉ ይገኛል። እኔ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ወሰኑ ባይ ነኝ። የዚህ ዝግጅት መሃሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?

አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ቡዋና በተባለ ስፍራ ግመል ሊያርድ ተስሎ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጉዳዩ ሲነገራቸው ወዲያው አልከለከሉም፤ ወዲያውም አልፈቀዱም። ጠየቁ። በዚያ ቦታ በጃሂልያ ዘመን የሚመለክ ጣዖት ነበር ወይ? ከበዓሎቻቸው አንዱ የሚከበርበት ነበር ወይ? ሁለቱም እንዳልነበሩ ሲነገራቸው ስለቱን እንዲፈጽም ፈቀዱለት። ለጃፓን መኸርም የሚያስፈልገን ይኸው መጠየቅ ነው።

ጥያቄው የግድ የሚሆነው «ማትሱሪ» የሚለው ቃል ስለሚያሳስት ነው። ዛሬ የራሜን ገበያም፣ የቢራ ባዛርም፣ የሺንቶ መቅደስ ክብረ በዓልም ማትሱሪ ይባላል። የቃሉ ሥር ግን ማምለክን ከሚገልጽ ግስ የመጣ ነው። በመኸር ከሚከበሩት ትልልቆቹ ደግሞ በአብዛኛው የመቅደስ ናቸው። በሴፕቴምበር ኦሳካ አጠገብ በኪሺዋዳ 4 ቶን ገደማ የሚመዝኑ የእንጨት ሰረገላዎችን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየሮጡ ይጎትታሉ። ከኦክቶበር 7 እስከ 9 የናጋሳኪ ኩንቺ አለ፤ ኦክቶበር 9 እና 10 ደግሞ የታካያማ።

በጣም የሚያታልለው በኦክቶበር 22 ኪዮቶ ውስጥ የሚካሄደው ጂዳይ ማትሱሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረ ሲሆን፣ ላየው ሰው የታሪክ ትርኢት ይመስላል። ሰዎች የየዘመኑን ልብስ ለብሰው በሰልፍ ያልፋሉ፤ ያ ብቻ። ነገር ግን ሰልፉ ውስጥ የሁለት ነገሥታትን መንፈስ ይይዛል ተብሎ የሚታመን ሚኮሺ አብሮ ይጓዛል። ሚኮሺ ማለት ከመቅደሱ የወጣው ካሚ፣ ማለትም የሚመለከው መንፈስ፣ ይቀመጥበታል ተብሎ የሚታመን፣ በሰው ትከሻ የሚሄድ ያጌጠ ማደሪያ ነው። የሰፈር ማትሱሪም ትልቁ ሥራ ይህን መሸከም ነው። ወጣት በጠፋበት ሰፈር ጠንካራ ትከሻ ያለው የውጭ ተማሪ ሲገኝ ሃፒ የተባለውን ካባ አልብሰው «ና ያዝልን» ይላሉ። ይህን ወንድሜ ሆይ አትያዝ።

«እኔ እኮ አላምንበትም፣ እንጨት ነው የተሸከምኩት» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ጃፓናዊ ሃይማኖት አለህ ወይ ሲባል የለኝም ይላል። ይኸው ሰው ግን በአዲስ ዓመት መቅደስ ይሄዳል፤ ልጁ 3፣ 5 ወይም 7 ዓመት ሲሞላው በኖቬምበር 15 አካባቢ ኪሞኖ አልብሶ ለሺቺ ጎ ሳን ወደ መቅደስ ይወስደዋል። የተሸካሚው ልብ መቀዝቀዝ የሥራውን ምንነት አይለውጠውም። ደግሞም ለሰዎቹ ክብር መስጠት ማለት የሚያደርጉትን በትክክል በስሙ መጥራት ነው። አምልኳቸውን «ጨዋታ ነው» ብሎ መቀላቀል ለነሱም ለኛም ክብር አይደለም። ዳር ቆሞ ስለ ማየት ያለውን የፈትዋ ዝርዝር ለዑለማዎች እተዋለሁ። እኔ ግን ሂዱ ብዬ አልመክርም፤ በዚያው ወር ሌላ ብዙ የሚታይ ነገር አለ።

ዲናችን ጨዋታን የሚጠላ የሚመስለው ካለ፣ በመዲና መስጂድ ውስጥ በዒድ ቀን በጦር ሲጫወቱ የነበሩት ሐበሾች እንደነበሩ፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ሲጫወቱ ትመለከት እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። የኛው ሰዎች ናቸው እኮ!

ከሁሉ የማስቀድመው ቅጠሉን ነው። የዛፉ መቅላት በሴፕቴምበር ከሆካይዶ ተራሮች ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ኪዮቶ የሚደርሰው በኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ነው። የት መቼ እንደሚቀላ እንደ አየር ሁኔታ ትንበያ አስቀድሞ ይነገራል። መሃሉ ላይ ያለው የአላህ ፍጥረት ብቻ ነው። በኪዮቶ ታዋቂዎቹ ማያ ቦታዎች ብዙዎቹ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢዎች ስለሆኑ መርጦ መሄድ ነው። በአኦሞሪ ያለው የኦይራሴ ወንዝ ዳርቻ፣ ወይም ቶኪዮ አጠገብ በሾዋ ኪነን መናፈሻ ያሉት ወርቅ የመሰሉ የጊንኮ ዛፎች ምን ጎደላቸው?

የኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ የስፖርት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተደነገገው በ1964 ኦክቶበር 10 የተከፈተውን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ለማስታወስ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ባደረገ 6 ሳምንት ሳይሞላው ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። እድሜው የገፋ ጃፓናዊ ዛሬም ስሙን ያውቀዋል። በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ኡንዶካይ የሚባል የሩጫና የገመድ ጉተታ ቀን ይዘጋጃል። ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚያ አለመሮጥ ነውር ነው።

የዩኒቨርሲቲ ፌስቲቫሎች ደግሞ ብዙዎቹ በኖቬምበር 3 የባህል ቀን አካባቢ ይውላሉ። ተማሪው ድንኳን ተክሎ ምግብ ይሸጣል። እዚህ ላይ እንግዳ ብቻ አትሁኑ። የጊቢው የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር ካለ ድንኳን አስመዝግቡ፣ የንፅህና ደንቡ ጥብቅ ነውና ቀድማችሁ ጠይቁ። ቡና አፍሉ፣ ሳምቡሳ በሐላል ሥጋ ጥበሱ። ስለ እስልምና ከቴሌቪዥን ሌላ ሰምቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እናንተን ይሆናል።

በምግብ በኩል አሳማን ብቻ የሚጠነቀቅ ሰው ተሸውዷል። ያኪቶሪ የዶሮ ጥብስ ነው፤ ግን እርዱም አይታወቅም፣ ስጎውም ብዙ ጊዜ ሚሪንና ሳኬ የተባሉ አልኮሎች አሉበት። በያማጋታ ወንዝ ዳር በመኸር የሚቀቀለው ኢሞኒ የጎደሬ ወጥም በአብዛኛው ሳኬ ይገባበታል። ታዲያ ምን እንብላ? በጋለ ጠጠር የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ የተጠበሰ ኩሪ፣ ካኪ የሚሉት ብርቱካናማ ፍሬ፣ በጨው ብቻ የተጠበሰ ሳንማ ዓሣ። የጃፓን መኸር ጣዕሙ እነዚህ ላይ ነው።

ሃሎዊንን በሺቡያ በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአካባቢው ከንቲባ ራሳቸው በአደባባይ አትምጡብን ብለዋል።

ሶላቱን አስቡበት። በኖቬምበር መጨረሻ ቶኪዮ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዐስርና መግሪብ ተራራ ላይ ያገኟችኋል። ለውዱእ የሚሆን ውሃና ስስ መስገጃ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ባቡር ላይ ሆኖ ከመጨነቅ ያድናል።

አንድ ብዙ የማይወራ ነገር አለ፤ የሰፈር ማኅበር መዋጮ። በአንዳንድ ቦታ ለመንገድ መብራትና ለጽዳት ከሚሰበሰበው ጋር የመቅደሱ መዋጮ ተቀላቅሎ ይጠየቃል። ጃፓናውያን ክርስቲያኖችም ጭምር ሲከራከሩበት የኖሩ ጉዳይ ነው። ለይታችሁ ጠይቁ፤ የጽዳቱንና የመብራቱን ክፈሉ፣ በጽዳቱ ቀንም መጥረጊያ ይዛችሁ ቀድማችሁ ተገኙ። ሚኮሺ ያልተሸከመው ልጅ መንገድ ሲጠርግ ያየ ጎረቤት ንቆን ነው አይልም።

እምቢታው ራሱ ከባድ አይደለም። ጃፓኖችን የሚያስከፋው በመጨረሻ ሰዓት መቅረት ነው፤ ስለዚህ ገና ስትጋበዙ ተናገሩ። «ሹኪዮጆ ኖ ሪዩ ዴ» ማለት «በሃይማኖቴ ምክንያት» ማለት ነው። ይህችን ሐረግ ከመሄዳችሁ በፊት ሸምድዷት፤ ምግብ ቤትም ትጠቅማችኋለች።