“ካፌውን እንከፍታለን፣ አንቺ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ትሆኛለሽ አለኝ!”

እኔ እንደተለመደው ከደብዳቤ ጋር ስታገል ነው የከረምኩት። አብዛኛው ያው “ከዳኝ፣ ከዳችኝ” ነው። የዛሬዋ ግን ለየት አለችብኝ። የፍቅር ጥያቄ መስላ ትጀምርና የቡና ሆና ትገኛለች። የቡና ናት ብላችሁ ስትከተሏት ደግሞ ተመልሳ... ለማንኛውም ባለቤቷ ትናገር። ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች፣ አላወጣም። ከማሳጠሬ በቀር ቃሉ የራሷ ነው።

“የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ ነው ያደግኩት። ዕድሜዬ 25 ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ሆነን። እሱ ደወሌ ላይ ትራንዚተር ነው፣ ድንበር ላይ የዕቃ ወረቀት ያስጨርሳል። ከሠርጉ በኋላ እኔም እዚያው ልገባ ነው። ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ ቆጥበናል፣ ካፌ ለመክፈትም ተስማምተናል። እስከዚህ ሰላም ነው። እኔ የምፈልገው እንደ ሠፈሬ ዓይነት ነው። እናት ልጆቿን ይዛ የምትገባበት፣ አባት ጋዜጣውን የሚያነብበት፣ ቡናው ደግሞ የምር ቡና የሆነበት። እሱ ግን ‘አቦ ተይኝ፣ ደወሌ ከዚራ አይደለም’ ይለኛል። ደንበኛው ሾፌር ነው፣ ሾፌር የማሽን ቡናና በርጫ ነው የሚፈልገው፣ ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን እናስቅማለን ይላል። በዚያ ላይ ‘ሶማሌ ሻይ እንጂ ቡና አይጠጣም’ አለኝ። ይሄንን ሁሉ ቻልኩት። መጨረሻ ላይ ግን ‘አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነሽ ታዘጋጃለሽ፣ ባንኮኒ ላይ አትታዪም’ ሲለኝ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም። ወላሂ ይወደኛል፣ እኔም እወደዋለሁ። የምተወው ካፌውን ነው ወይስ እሱን? ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከድሬ።”

እህቴ ግራ የገባሽ፣ ከቡናው ልጀምርልሽ። መጋረጃው አያመልጠንም፣ እደርስበታለሁ።

ደወሌን የማታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ሶማሌ ክልል ውስጥ በአይሻ በኩል ያለች፣ ወደ ጅቡቲ የሚሻገር ሁሉ የሚረግጣት የመጨረሻዋ ከተማችን ናት። ፀሐይዋ አይጣል ነው! ጉምሩክ አለ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ አለ፣ ባቡር አለ። አሮጌው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት ጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ በዚሁ ምድር አልፎ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር ያው በደወሌ በኩል ነው የሚወጣው። የአገራችን የውጭ ንግድ ቡና አብዛኛው የሚጫነው ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት... ለስንት ዘመን ቡና በጆንያ ሲያልፍ በዓይኗ የሸኘች ከተማ ናት። በስኒ ይቅረብላት ቢባል ምኑ ነው የሚያስገርመው?

ያለፈው ደግሞ ተራ ቡና አይደለም። ሐዲዱ ሳይመጣ በፊት የሐረር ቡና በግመል ነበር ወደ ዘይላ የሚወርደው። ስሙ የገነነው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ በ1880ዎቹ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሐረር ላይ ቡና ሲነግድ ነበር። ወዲህ ስንመጣ የሶማሌው ተወላጅ መሐመድ አብዱላሂ ኦግሳዴይ ይኸንኑ ቡና የፈረስ ምልክት አድርጎበት “ሐረር ሆርስ” ብሎ ለዓለም ሸጠው። “ሶማሌ ቡና አያውቅም” የምትለው ወንድሜ፣ ይቺን ልብ በላት! ገጠር ብትወጣም የቡናውን ፍሬ በቅቤ ወይ በዘይት ጠብሶ እንግዳ መቀበል ሶማሌው ቤት የኖረ ወግ ነው። ሐረርጌ ላይ ቅጠሉም ገለባውም ሳይቀር ይፈላል፣ ቁጢ አለ፣ ሆጃ አለ። ሻይ ይወደዳል ወይ? አዎ፣ በወተትና በቅመም የፈላው ሻህ ሲሆንማ! ግን ሻይ መውደድ ቡና መጥላት ነው ያለው ማን ነው?

ስሙ ራሱ ገንዘብ ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ብሎ ሲነሳ ከግዙፉ ስታርባክስ ጋር ስንት ጭቅጭቅ ተነሳ! በ1999 ነው በስምምነት የተቋጨው። ፈረንጅ የተጨቃጨቀበትን ስም እኛ ግን በገዛ ካፌያችን ግድግዳ ላይ እንኳ አንጽፈውም።

አሁን ከተሜው ሁሉ “ስፔሻሊቲ፣ ስፔሻሊቲ” ይላል። ምንም ምሥጢር የለውም። ሥልጠና ያላቸው ቀማሾች ቡናውን ቀምሰው ከ100 ነጥብ ይሰጡታል፣ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ስፔሻሊቲ ይባላል፣ በቃ። ማሽኑ አይደለም የሚፈተነው፣ ፍሬው ነው። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ ስለሚፈለፈል የፍራፍሬ ጠረን ያለው፣ ወፈር ያለ ቡና ነው። ይህ ጠረን ግን ሁለት ጠላቶች አሉት። አንዱ አቆላል ነው። እኔ ራሴ “ንጹሕ የሐረር” ተብሎ የተሸጠልኝ፣ ጠጥቼው ግን ከሰል ከከሰል ያለኝ ስኒ አለ። የት እንደሆነ ይቅር፣ ዋጋው ግን ከነጠረኑ ነበር! ቡና ጥቁር እስኪሆን ሲቆላ ሐረርም ሆነ ጅማ አንድ ይሆናል። ሁለተኛው ጠላት ተፈጭቶ ማደር ነው። ጠረኑ ከተፈጨ ጀምሮ ነው የሚሸሸው። እንግዲህ ድሬ ልጅ ሆነሽ፣ የሐረርጌ ቡና መናኸሪያው ደጃፍሽ ሆኖ፣ ጥሬውን በትንሽ በትንሹ እየገዛሽ ቆልተሽ፣ ሰው ሲያዝ ብትፈጪ ስፔሻሊቲ እንዲያ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄውና። ለትልቅ የኤስፕሬሶ ማሽን ብላችሁ ብድር አትግቡ! መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ጌጥ ነው የሚሆነው። ጨው የበዛበት ውኃ ከገጠመው ደግሞ ውስጡ ይደፈናል፣ ጠጋኙ ከየት እንደሚመጣ አስቡት። ጀበናና ከሰል ግን መብራት አይጠይቁም። አንድ ደህና መፍጫ፣ ሦስት አራት ጀበና፣ የተጣራ ውኃ... ስኒው ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ውኃ ነውና በውኃው አትሰስቱ። ማኪያቶ የለመደ ይመጣል ካላችሁ ማሽኑ ካፌው ራሱ ከሚያስገባው ይገዛ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ዱባይ ላይ በግመል ወተት የተሠራ ካፑቺኖ ለቱሪስት ይቸበቸባል። የግመል ወተት አገሩ የት ነው? የናንተው ደጅ! በዚያ ሙቀት እንደ ላም ወተት ቶሎ አይበላሽም። ሞክሩታ!

ወደ “ቤተሰብ” እንምጣ። ብዙ ሰው የቤተሰብ ካፌ ሲባል ፊኛ መስቀልና ግድግዳ ላይ ሚኪ ማውስ መሳል ይመስለዋል። እናት ልጅ ይዛ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ግን እሱን አይደለም። አንደኛ፣ ሽንት ቤቱ ውኃና መቀርቀሪያ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ ስትገባ ስንት አንገት ይዞርባታል? ሦስተኛ ጭሱ ነው። እዚህ ላይ እህቴ ብቻሽን አይደለሽም፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ሺሻንም እንዲሁ። “እኔ ስለማልወድ ነው” አትበይ፣ “ሕግ ነው” በይ። በተረፈ ለልጁ የሚሆን ነገር ይኑር፣ ልጅ ቡና አይጠጣም። ትኩስ ወተት፣ ሳምቡሳ፣ ጁስ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ። ሶላት የሚሰግድ ደንበኛ ውዱእ የሚያደርግበት ውኃም አይረሳ።

የእጮኛሽን ሒሳብም ግን አልንቅበትም። ልጁ ልክ ያለው ነገር አለ። ሾፌር መጥቶ፣ ጨልጦ፣ ከፍሎ ይሄዳል። አራት ሴቶች ደግሞ በአንድ ስኒ ሁለት ሰዓት ጨዋታ ይይዛሉ። ኪራይ የሚከፍለው የትኛው ነው ቢል እውነቱን ነው። ግን ሁለቱ በአንድ ሰዓት አይመጡም እኮ! በዚያ አገር ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሱቁም ሰዉም በሙቀቱ የተኛ ነው። ጠዋቱ የሾፌር ይሁን፣ በማለዳ ከፍታችሁ ቡናና ቁርስ በፍጥነት ስጡት። ከአሥር ሰዓት በኋላ ውጭው ውኃ ተርከፍክፎ ወንበር ይውጣ፣ ቤተሰብም ይምጣ። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ቀኑን ዘግታችሁ ከአፍጥር በኋላ ሥሩ፣ ሌሊቱ የናንተ ነው። ደሞስ ሾፌር የቤተሰብ ቦታ አይወድም ያለው ማን ነው? ወረቀቱ እስኪያልቅ ድንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከልጆቹ ከተለየ ሰንብቷል። በስልክ “አባዬ መቼ ትመጣለህ?” ሲባል የሚውል ሰው ነው። ጎኑ አንድ ሕፃን ወተቱን ቢያፈስ የሚቆጣ ይመስላችኋል?

የጓሮው ፍራሽ ግን አይሆንም። ጫት መቃም ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፣ በዚያ አገር በርጫ የኖረ ነው፣ የምፈርድበት እኔ ማን ነኝ? ነገሩ የንግድ ነው። በርጫ ያለበት ቤት ከሰዓቱን ሙሉ በርጫው ይይዘዋል። አንድ ጊዜ “የመቃሚያ ቤት” ከተባለ ሚኪ ማውስ ብትስሉ ያቺ እናት በሩን አታልፍም። ሁለት ካፌ በአንድ ጣሪያ አይከፈትም። እሱን መምረጥ አለባችሁ።

እሺ፣ መጋረጃው።

ወንድሜ፣ ይህን ዓምድ ካነበብከው ጥቂት አዋራኝ። ጅጅጋ ላይ ሲመሽ መንገድ ዳር ሻይ የሚያፈላው ማን ነው? ሴት ናት። የግመል ወተቱን ከገጠር ተቀብላ ገበያ የምታወጣውስ? ሴት ናት። ያ ከኋላ ክፍል ሊቃም የታሰበው ጫት ራሱ፣ ጉሊት ላይ ተቀምጣ “ና ግዛ” የምትልህ ማን ናት? አንዷም ከመጋረጃ ጀርባ አይደለችም፣ ማንም “ባለጌ” አላላትም። ታዲያ ያንተዋ ላይ ሲደርስ መጋረጃው ከየት መጣ? “ባህሉ ነው” ካልከኝ ባህሉን በደንብ አላየኸውም። “ሌላ ወንድ ያያታል” ከሆነ ደግሞ ነገሩ የካፌ ጉዳይ አይደለም፣ ለሷ ቁርጡን ንገራት።

አንቺም እህቴ፣ “ልተወው?” ከማለትሽ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቂው። ስትጣሉ ሳይሆን ደህና ቀን ላይ፣ “ጀርባ እንድሆን የፈለግከው ለኔ ፈርተህ ነው ወይስ እኔን ፈርተህ?” በይው። ለአንቺ ፈርቶ ከሆነ መፍትሔ አለው። ባንኮኒው ከበሩ ፊት ለፊት ይሁን፣ አንዲት ረዳት ሴት ቅጠሩ፣ ሲመሽ አብራችሁ ዝጉ። አንቺን ፈርቶ ከሆነ ግን ዛሬ ባንኮኒው ነው፣ ነገ ስልክሽ ነው፣ ከነገ ወዲያ እናትሽ ቤት መሄድሽ ነው። ይህንን ከኒካሑ ወይ ከቃል ኪዳኑ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ገንዘቡንም ነገር ዓይን አፋር ሆነሽ አታሳልፊው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። ከጋብቻ በፊት ያፈራችሁት የየግላችሁ ነው። ከጋብቻ በኋላ የሚገኘው ገቢ ግን ከግል ንብረት የመጣም ቢሆን የጋራ ነው። የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ ደግሞ ሁሉም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ማን ስንት እንዳስገባ በጽሑፍ ይስፈር፣ ምስክር ይፈርምበት። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያንቺም ስም ይግባ። ከመጋረጃ ጀርባ የምትሠራ ሴት ስሟም ከመጋረጃ ጀርባ ሲቀር ስንቱን አይተናል! የሚወድሽ ሰው ብዕር ስታቀብይው አይቆጣም።

ከሁሉ በፊት ግን እናትሽን ይዘሽ ሦስት ቀን ደወሌ ክረሚ። ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጋችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ጀበናውን ጣዱ። እሱም ከሥራ መልስ ይምጣና ይቀመጥ። ቡናውን ቆልተሽ ጭሱ ሲሄድ ማን እንደሚመጣ ቁጠሪ። ስንት ሾፌር፣ ስንት የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ስንት ልጅ ያዘለች ሴት። ደብተር ላይ አስፍረሽ ለእሱም አሳይው፣ ለእኔም ጻፊልኝ።

ሳምንት እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ!