መኳንንቱ ሳሎን ሲገቡ

የሳሎን ግድግዳም እንደ ልብስ ፋሽን አለው። አንድ ሰሞን ትልቅ ሰዓት ነበር፤ ቀጥሎ በሦስት የተከፈለ የአበባ ሥዕል መጣ፤ ከዚያ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ጥቅስ። አሁን ደግሞ ተራው የመኳንንቱ ይመስላል። ባለ ዳንቴል አንገትጌ መስፍን፣ ዕንቁ የደረደረች ልዕልት፣ ካባ የደረበ ራስ በቀጭን አልሙኒየም ላይ ታትመው፣ ያለ ፍሬምና ያለ መስታወት ከሶፋው በላይ ይሰቀላሉ። ሥራዬ ከማተሚያ ቤቶች ስለማያርቀኝ ወዳጆቼ «የት ላሳትም? ማንን ልስቀል?» ይሉኛል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በዚህ ወር ሁለቱንም እናንሳ።

በሙያዬ ዓይን ሳያቸው እነዚህ ምስሎች የዘመናቸው ማስታወቂያ ናቸው። ኢያሳንት ሪጎ እ.ኤ.አ. በ1701 የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 14ኛን ሲስል ንጉሡ ከ60 ዓመት በላይ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት እግሮች ግን የወጣት ዳንሰኛ እግሮች ናቸው። ሥዕሉ የስፔን ንጉሥ ለሆነው የልጅ ልጁ ሊላክ ታስቦ ነበር። ሉዊ ግን በጣም ስለወደደው እዚያው አስቀረው። በእንግሊዟ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመንም ሠዓሊዎች የንግሥቲቱን ፊት ከተዘጋጀ ንድፍ ይገለብጡ ነበር። ዛሬ እኛ «ብራንድ ጋይድላይን» የምንለው መሆኑ ነው። እንግዲህ የመኳንንት ምስል የሚሰቅል ሰው፣ አንድ ሰው ስለ ራሱ እንዲነገርለት የፈለገውን መልእክት ነው የሚሰቅለው።

ፊትን በብረት ላይ ማሳረፍ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም የተዋወቀው የዳጌር ፎቶግራፍ የሚነሳው ብር በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር። አዲሱ ነገር አሠራሩ ነው። ትክክለኛው የብረት ህትመት በሰብሊሜሽን ይሠራል። ምስሉ መጀመሪያ በልዩ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ልዩ ሽፋን ከተቀባ አልሙኒየም ጋር ተገጥሞ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይጫናል። ቀለሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል። በኩባያና በቲሸርት ላይ የሚሠራው ያው ዘዴ ነው። ሁለተኛው አማራጭ በአሉኮቦንድ ላይ በቀጥታ የሚታተመው የዩቪ ህትመት ነው። እሱም ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ግን ከላይ ስለሚያርፍ ለጭረት ይጋለጣል። ሦስተኛው አሉኮቦንድ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ነው። አንዲት ጓደኛዬ «የብረት ህትመት» ተብላ የከፈለችው ለዚህ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ ተነስቶ የልዕልቲቱ ጉንጭ ላይ አረፋ ወጣ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ሰብሊሜሽን ነው፣ ዩቪ ነው ወይስ ስቲከር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ናሙናም አስነኩኝ በሉ።

ቀጥሎ የሽፋኑ ዓይነት ይመጣል። የጥንት ሥዕሎች ጀርባቸው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። አንጸባራቂ ሽፋን ጥቁሩን ጥልቅ ያደርገዋል፤ ነገር ግን መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ መስፍኑ ጠፍቶ መጋረጃችሁንና ቴሌቪዥናችሁን ታያላችሁ። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ የማያንጸባርቀውን ምረጡ። ነጭ መደብ የሌለው፣ ብረቱ የሚታይበት ዓይነትም አለ። በእሱ ላይ ነጭ የነበረው ሁሉ ብርማ ይሆናል። ለጦር ልብስና ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ያምራል፤ በቀለም ለተሳለ ፊት ግን አልመክረውም፤ ቆዳውን አመድ ያስመስለዋል።

ምስሉን ከየት እናግኝ? ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን ሁሉ አታውርዱ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎቹን ምስሎች ማንም በነጻ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዷል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምም እንዲሁ። 60 በ90 ሳንቲሜትር ለሆነ ህትመት፣ በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ብለን ብናሰላ፣ ወደ 3,500 በ5,300 ፒክስል ያስፈልጋል። ፋይሉን ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርስና ዳንቴሉ ጭጋግ ይሆናል።

ለአሰቃቀሉ ሦስት ነገር ይበቃል። የምስሉ መሐል ከወለል 145 እስከ 150 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን። ከሶፋ በላይ ከሆነ ስፋቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ያምራል፤ ከሶፋው ጀርባ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ቀጥተኛ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ብረቱ ቢችለውም ቀለሙ ይደበዝዛል። ለጽዳት ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፤ የድስት መፈግፈጊያ እንዳይነካው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ ማንን እንስቀል?

ከአውሮፓ ሥዕሎች አንድ ምረጪ ብባል ልዕልት አልመርጥም። ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ሮም ላይ የሳለውን ሁዋን ደ ፓሬሃን እመርጣለሁ። ፓሬሃ ጠይም ሰው ነው፤ ሲሳልም የሠዓሊው ባሪያ ነበር። ቬላስኬዝ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዳንቴል አንገትጌ አልብሶ፣ እንደ መኳንንት አቁሞ ሳለው። በዚያው ዓመት የነጻነት ወረቀቱ ተፈረመለት፤ በኋላም ራሱ ሠዓሊ ሆነ። ሥዕሉ ዛሬ በሜትሮፖሊታን ይገኛል። ከመቶ ዱኮች ይልቅ ይህ ሰው ለልጆች የሚነገር ታሪክ አለው።

የእኛም መኳንንት ምስል አላቸው። በአፄ ምኒልክ ጊዜ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ፣ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ፊት አቆይተውልናል። እነዚህ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ለብረት የተፈጠሩ ይመስላሉ። ቢሆንም አንድ ነገር አስቡ፤ ለአንዱ ኩራት የሆነ ፊት ለሌላው እንግዳችሁ ቁስል ሊሆን ይችላል። አትስቀሉ ማለቴ አይደለም። የሰቀላችሁትን ሰው እወቁት፣ ስለ እሱም በትህትና ለመነጋገር ተዘጋጁ ነው የምለው።

አንዳንዱ ፊት ደግሞ ከነጭራሹ ጌጥ አይሆንም። ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደውን የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1868 ፎቶ አንስታዋለች። ያኔ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በ18 ዓመቱ በሰው አገር ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ይህ ፎቶ ከትራሱ ቀለም ጋር ስለሄደ ብቻ የሚሰቀል አይደለም። የሚሰቅለው ቤተሰብ ልጁ «ይሄ ልጅ ለምን አዘነ?» ሲል የሚመልሰው ይኑረው።

በመጨረሻ፣ የብዙዎቻችን መኳንንት ያሉት መሳቢያ ውስጥ ነው። ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ከአንድ ፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆሙ አያት፤ ብዙ ጊዜ ያለችን ፎቶ ያቺው አንዷ ናት፤ እሷም እየደበዘዘች ነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነች ፎቶ በ600 ነጥብ ስካን ከተደረገች 40 በ60 ሳንቲሜትር ሆና በጥራት ትታተማለች። ቁመናቸውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከሉዊ አያንስም። እሳቸውም ያቺን ቀን የክት ልብሳቸውን የለበሱት እንዲህ እንድናያቸው ፈልገው ነው።

ማንንም ስቀሉ፣ ከመስቀላችሁ በፊት በማይለቅ ማርከር ከጀርባው ስሙን፣ ዘመኑንና ማን እንዳነሳው ወይም እንደሳለው ጻፉ። ስም የሌለው ምስል የምርት ስም እንደሌለው ማስታወቂያ ነው፤ ያምራል፣ ግን ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አልሙኒየሙ ከእኛ በላይ ይቆያል፤ ስሙም አብሮት ይቆይ።