ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውኃ ቱቦ፣ ስለ ጥበቃ መዋጮና ስለ ቆሻሻ አጣጣል ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን እስከ አሁን በስብሰባችን አጀንዳ ሆኖ የማያውቅ፣ ሆኖም በየቅዳሜው በየደጃፋችን የሚታይ ነገር ነው። ይኸውም መኪናን በክሪክ አንሥቶ፣ ብሎኬት ደግፎ ከሥር የመግባት ልማድ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጧት ከወፍጮ ቤቱ በላይ ባለው ቁልቁለት የሆነውን ብዙዎቻችን አይተናል። አንድ ጐረቤታችን የፍሬን ሸራ ለመቀየር የመኪናውን ኋላ አንሥቶ፣ ሁለት ብሎኬት ደርድሮ፣ ጐማውን ፈትቶ እግሮቹን ከሥሩ ዘርግቶ ይሠራ ነበር። ድሩሙ እንዲወጣለት የእጅ ፍሬኑን ለቅቆታል፤ ከፊት ጐማ ሥር ታኮ አላደረገም። ድሩሙ እምቢ ሲለው መዶሻ ሊያመጣ ብድግ አለ። ገና ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ብሎኬቱ ፍርክስክስ አለ፤ መኪናውም ወደ ፊት ተንሸራቶ እግሮቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ዘጭ አለ። ሰውየውን እግዜር አተረፈው። እኛም «እሰይ፣ ተረፈ!» ብለን፣ ቡና ጠጥተን ተበተንን። በሳምንቱ እዚያው ቁልቁለት ላይ ሌላ መኪና በሌላ ብሎኬት ላይ ቆሞ አየን። የሚያሳፍረው ይኸ ነው።

ይህን የምንጽፈው በማንም ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆችም ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲሁ አድርገናል። የጋራዡ ዋጋ ከበደን፣ ሥራው ቀላል መሰለን፣ «አምስት ደቂቃ ነው» አልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። መኪናችሁን ቤታችሁ አትሥሩም አንልም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም።

ለምን ቢባል፣ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትንሹ ክሪክ የተሠራው ጐማ ለመቀየር ብቻ ነው። እግሩ ጠባብ ስለሆነ ከጐን ትንሽ ከተገፋ ይዘምማል። የዘይቱ ክሪክ ደግሞ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው በታመቀ ዘይትና በቀጭን ላስቲክ ነው፤ ላስቲኩ ከተበላ ወይም ቆሻሻ ከገባበት ቀስ ብሎም ሆነ በድንገት ይወርዳል። ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ክፍት ነው። የተሠራው ክብደቱ እኩል ለሚያርፍበት ግድግዳ እንጂ በቀጭን ብረት አንድ ቦታ ላይ ለሚጫነው መኪና አይደለም። ሲሰበር ደግሞ አያስጠነቅቅም።

ክብደቱንም እናስብ። ትንሿ ቪትዝ እንኳ ወደ 1 ቶን ትመዝናለች፤ ይኸ 10 ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንደራችንም በርክቷል። ከእነዚህ ውስጥ እንደ አይዲ 4 ያሉት 2 ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ባትሪያቸውም ከወለሉ ሥር የተዘረጋ በመሆኑ፣ ክሪኩ ባልሆነ ቦታ ከገባ ባትሪውን ይጐዳል፤ የተጐዳ ባትሪም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለሆነም ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሳይታይ ማንሣት አይገባም።

እንግዲህ ምን ይገዛ? አንደኛ፣ እግሩ ሰፊ የሆነ ባለ ተሽከርካሪ የዘይት ክሪክ። የምታነሡት አንዱን ጐን ብቻ ቢሆንም የክሪኩ አቅም ከመላው መኪና ክብደት በላይ ይሁን። ለብዙዎቻችን ባለ 3 ቶኑ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ቁመቱ የሚስተካከል የብረት መደገፊያ፣ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ። የተጻፈበት አቅም ለአንዱ ይሁን ለጥንዱ አንብቡ። ከተቻለ በጥርስ ብቻ ከሚይዘው ይልቅ ወፍራም የብረት ዘንግ በቀዳዳው የሚያልፍበትን ምረጡ። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2020) አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የመሣሪያ ሻጭ ከ1.7 ሚሊዮን የሚበልጡ መደገፊያዎች እንዲመለሱለት ጠይቋል። ጥርሱ በቅጡ ሳይነክስ ቀርቶ ጭነት ላይ እያለ ሊለቅ ይችል ስለነበር ነው። ሦስተኛ፣ ታኮ። ይኸ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከአናጢ ቤት የሚገኝ የጣውላ ቁራጭ ይበቃል።

አንዳንድ ወጣቶች «ለምን ሊፍት አንተክልም?» ይሉናል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ባለ ሁለት ምሰሶው ሊፍት በብሎን የሚታሰረው በጠንካራ የኮንክሪት ወለል ላይ ነው። አምራቾቹ በአብዛኛው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ያልተሰነጠቀ ኮንክሪት ይፈልጋሉ። የእኛ ግቢ ግን ወይ ኮብልስቶን ነው፣ ወይ ሴራሚክ ነው፣ ወይ ደግሞ በክረምት የሚያብጥ በበጋም የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ነው። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ደኅና ሊፍት መብራት ሲጠፋ በብረት መቆለፊያው ላይ ስለሚያርፍ አይወድቅም። ነገር ግን ከመቆለፊያው ለማላቀቅ መጀመሪያ ጥቂት ከፍ ማድረግ ያሻል፤ ለዚያም መብራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ወለሉን በባለሙያ ያላስመረመረ ሰው ሊፍት ባይተክል እንመርጣለን።

ከዚህ በታች ያለውን ቆርጣችሁ የመኪናችሁ ኪስ ውስጥ አስቀምጡት፤

1. ቁልቁለት ላይ መኪና አታንሡ። ሜዳ ፈልጉ። መሬቱ ጭቃ ወይም አፈር ከሆነ ከክሪኩና ከመደገፊያው ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ።

2. ማርሽ አስገቡ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ። ከማይነሡት ጐማዎች ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። በአብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጐማ ብቻ ነው። ስለዚህ ኋላው ሲነሣ መኪናውን ባለበት የሚያቆየው የፊቱ ታኮ ነው።

3. የጐማውን ብሎን መኪናው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ። ከተነሣ በኋላ ስትታገሉት ይወዛወዛል።

4. አንሥታችሁ መደገፊያውን ካስገባችሁ በኋላ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ አውርዱና መኪናው መደገፊያው ላይ ይረፍ። ከዚያ ገና ውጭ ሆናችሁ በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ እንደገና ጀምሩ።

5. የፈታችሁትን ጐማ ከሻንሲው ሥር አስተኙት። መደገፊያው ቢከዳ እንኳ ጐማው ክፍተት ያተርፋል።

6. ብቻችሁን አትሥሩ፤ ልጆችን አርቁ። አደጋ ከደረሰ መኪናውን በክሪክ መልሳችሁ አንሡ፤ ወዲያውም 939 ወይም 907 ደውሉ።

«ይኸ የባለ መኪና ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል። ከሥር የሚገባው ባለ መኪናው ብቻ አይደለም። ለጥቂት ብር ከመንገድ የተጠራው ልጅ ነው፤ ቁልፍ የሚያቀብለው የጐረቤት ታዳጊ ነው። ክፉ ነገር ከደረሰ ደግሞ ድንኳን የምንተክለው ሁላችንም ነን።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። የእድራችን ዕቃ ቤት ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው። አንድ ባለ 3 ቶን ክሪክ፣ አራት መደገፊያና አራት ታኮ እዚያው ይጨመሩ። ባለ መኪናዎች ለብቻ እናዋጣ፤ ዕቃው እንደ ድስቱ በፊርማ ይውጣ፣ በፊርማ ይመለስ፤ በየመንፈቁም በባለሙያ ይታይ። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው አንድ ጐማ ከመግዛት በእጅጉ ያነሰ ነው።

ለቀብር የሚሆን ዕቃ አሟልተን ገዝተናል። ቀብር የሚያስቀር ዕቃ መግዛት ያቅተናል ብለን አናምንም። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን።

ከሰሌዳው አዘጋጆች