የጭነት ከብት ውኃና የታኅሣሥ ቁር

ታኅሣሥ በገባ ጊዜ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በጎጃም በረንዳ ያለፈ ሰው፥ አህዮች በጆንያ ክምር መካከል ቆመው እስትንፋሳቸው እንደ ጢስ ሲትጎለጎል ያያል። እኛም እንዲህ ባለ አንድ ማለዳ ስናልፍ፥ አንዲት አህያ ውኃ ወደ ሞላበት ባልዲ አፍንጫዋን አስጠግታ መልሳ ስታርቅ አየን። «አባቴ፥ አልጠማትም ይሆን?» ብለን ባለቤቷን ሽማግሌ ብንጠይቃቸው፥ «ከትናንት ጀምሮ አልቀመሰችም፥ ልጄ፤ ገለባውን ግን ትበላለች» አሉን። ጣታችንን በባልዲው ብንነክር ቅዝቃዜው አጥንት የሚሰብር ነበር።

ውድ አንባብያን፥ አደጋው ያለው «ገለባውን ግን ትበላለች» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። የአህያ ዘር ከበረሃ የመጣ በመሆኑ ጥማትን ይችላል፤ ውኃ አጥቶም መብሉን ቶሎ አያቋርጥም። ባለቤቱም ሲበላ አይቶ ደኅና ነው ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ደረቅ ገለባ ያለ በቂ ውኃ በአንጀት ውስጥ ይጠጥርና መተላለፊያውን ይዘጋል። ይህ ሕመም አህያንም ፈረስንም ይገድላል፤ ከብቱ የሞተበት ቤተ ሰብም የዕለት እንጀራውን ያጣል።

በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የታተመ አንድ ጥናት፥ በብርድ ወራት ለብ ያለ ውኃ የተሰጣቸው ትንንሽ ፈረሶች፥ ሊረጋ የተቃረበ ውኃ ከተሰጣቸው ጊዜ ይልቅ 40 በመቶ ያህል አብዝተው እንደ ጠጡ ገልጿል። እንግዲህ ከብቱን ለመጉዳት ውኃው የግድ በረዶ መሆን የለበትም።

በጎጃም በረንዳ ውኃ ሲረጋ እምብዛም አይታይም። 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ግን፥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ ባደረ ዝርግ ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃም ፊቱ በረዶ ሊጋግር ይችላል።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ውኃ ሙቀቱን አብዝቶ የሚያጣው ለአየር በተጋለጠው ፊቱ በኩል ነውና፥ ከዝርግ ዕቃ ይልቅ ጥልቅ ዕቃ ይመረጣል፤ ሌሊትም ይከደን። ዕቃውን ከእርሱ በሚበልጥ ሌላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው ጭድ መጠቅጠቅ ቅዝቃዜውን ያዘገያል። ጉድጓድ ያለው ሰው ጧት የሚቀዳው ውኃ በውጭ ካደረው ይልቅ ይሞቃል። ፊቱ የረጋ ውኃ ሲገኝ በረዶውን ሰብሮ ማውጣት እንጂ፥ እንዳይረጋ ብሎ ጨው መጨመር አይገባም፤ ከብቱ ይጠላዋል፥ ቢጠጣውም ይጐዳዋል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ከምድጃው ጥቂት ሙቅ ውኃ ጨልፎ ለብ እስኪል መቀላቀል ነው።

ደግሞም ምን ያህል እንደ ተጠጣ መመልከት ይገባል። ፈረስ በቀን 25 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ጧት የሞላው ባልዲ ማታም እንደ ሞላ ከተገኘ፥ ሕመሙ ሳይብስ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው።

ሽማግሌው በአቅራቢያው ካለ ሻይ ቤት አንድ ጣሳ ሙቅ ውኃ ለምነው ቀላቀሉበት። አህያዪቱም አሽትታ፥ ጥቂት ቆይታ፥ ባልዲውን እስከ ግማሹ ጠጣች። ርብቃ የእንግዳውን ግመሎች ባጠጣች ጊዜ ጠጥተው እስኪረኩ ድረስ እንደ ቀዳችላቸው እናስታውሳለን። ውኃ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ማጠጣት ግን ሌላ ነው።