የመስኮታችንን መስተዋት እንወቅ



ወታደር ምሽጉን ሲቆፍር የአፈሩን ዓይነት፣ የክዳኑን ውፍረት አጥብቆ ይመረምራል። ባለቤቱና ልጆቹ ከሚተኙበት አልጋ ራስጌ ያለው መስኮት ከምን ዓይነት መስተዋት እንደ ተሠራ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይህ ቸልታ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለመረዳት ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ካርቱም መመልከት ይበቃል።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1999 ነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች በኋላ፣ የእኛ ዓባይ ከነጭ ዓባይ በሚገናኝባት በዚች ከተማ መስተዋት የለበሱ ረጃጅም ሕንፃዎች ተነሡ። በሊቢያ ገንዘብ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የቡርጅ አል ፋቲህ ሆቴል አንዱ ነበር፤ የታላቁ ናይል ነዳጅ ኩባንያ ሕንፃም ሌላው ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዋ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የነዳጅ ኩባንያው ሕንፃ በእሳት ተያይዞ ሲነድ ዓለም ተመለከተ። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችንም በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ።

መስተዋት ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው መስተዋት ሲሰበር እንደ ጩቤ የሾለ ስንጣሪ ይሆናል። ‹ቴምፐርድ› የሚባለው ግን በፋብሪካ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በሁለቱም ገጹ ቀዝቃዛ አየር በኃይል ይነፋበታል። ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ላዩን ይስበዋል። ስለዚህ ላዩ ተጨምቆ፣ ውስጡ ተወጥሮ ይኖራል። ጥንካሬውም ከተራው አራት እጥፍ ያህል ነው። ሲሰበር ደግሞ እንደ እህል ፍሬ ወደ ደቀቀ፣ ስለቱ ወደ ደነዘ እንክብል ይለወጣል። ለበር፣ ለመታጠቢያ ቤት፣ ለደረጃ መከላከያ የሚመረጠው ስለዚህ ነው። ከጋለ በኋላ መቁረጥም ሆነ መብሳት አይቻልም፤ ጠርዙ በሹል ነገር ቢመታ ሙሉው በአንድ ጊዜ ይፈርሳል።

ይሁን እንጂ ቴምፐርድ ለፍንዳታ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። የፍንዳታ ግፊት ደቃቁንም እንክብል እንደ ጠጠር ይወረውረዋል። ለዚህ የሚሻለው በሁለት መስተዋት መካከል ፕላስቲክ የተጣበቀበት ‹ላሚኔትድ› ነው፤ ቢሰነጠቅም ስብርባሪው ከፕላስቲኩ ጋር ተያይዞ ይቀራል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ሲደርስ፣ ቀድሞ የታየውን ጭስ በመስኮት ይመለከቱ ከነበሩት ብዙዎች በመስተዋት ስብርባሪ ቆስለዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመስተዋቱ ማዕዘን ላይ የታተመ አነስተኛ የፋብሪካ ምልክት ካለ ዓይነቱን ይነግረናል፤ ምልክት ከሌለው እንደ ተራ መስተዋት እንቁጠረው። የልጆችን አልጋ ከመስኮት እናርቅ። ሌሊት ወፍራም መጋረጃ እንዝጋ፤ ጫማችንንም ከአልጋው ሥር እናኑር፤ ከፍንዳታ በኋላ በባዶ እግር መሄድ ሌላ ቁስል ያመጣልና። በመስተዋት ላይ የሚለጠፍ ተራ ፕላስተር መስተዋቱን አያጠነክረውም፤ አንታመንበት። ከሁሉም በላይ፣ ብልጭታ ስናይ ወደ መስኮት አንሩጥ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ያቺ አጭር ጊዜ ልጅን አቅፎ ከመስኮት ለመራቅና ፊትን ወደ መሬት አድርጎ ለመተኛት ትበቃለች።

ባል በግዳጅ ላይ ሳለ የቤቱ ጠባቂ ሚስት ናት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ወታደር በሚቀጥለው ደብዳቤው ወይም ስልኩ ስለ ጤንነት ከጠየቀ በኋላ፣ «አልጋው ከመስኮቱ ርቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።